«አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ?»፦ ያለ በጀት የሴት ተማሪዎች የድራማ ክበብ አጀማመር

ይህን ያሉኝ የአንዲት ተማሪዬ እናት ናቸው። ልጃቸው ከትምህርት በኋላ ለድራማ ጥናት እንድትቆይ ላስፈቅድ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ ቶና ደረሰ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል «ቆይ ግን የኔ ልጅ፣ አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። «ኧረ እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ብዬ መለስኩ። ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። ለጨዋታ ተብሎማ ማን ውኃ ሳይቀዳ ይቆያል? ልጅቷ አልመጣችም።

(አዝማሪነትስ ምን ነውር አለው የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ግን ቡና ላይ ተቀምጣችሁ የምታሸንፉት ክርክር አይደለም።)

ከዚያ ወዲህ ክበቡን ለተወሰኑ ዓመታት ይዤዋለሁ። ብዙ ተሳስቻለሁ። ሌላ መምህር ወይም ሌላ እናት ከዜሮ እንዳትጀምር ያየሁትን ልጻፍ።

መጀመሪያ ለምን እንደምትጀምሩት ለራሳችሁ እወቁ። ተዋናይ ለማፍራት ከሆነ ይቅርባችሁ፤ ከመቶ ልጆች አንዷ ተዋናይ ብትሆን ነው። እኔ የምጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ስትመሰገን «አንገቷን ደፍታ ሄዳ አንገቷን ደፍታ የምትመለስ» ትባላለች። ድምጿን ከፍ ካደረገች ዓይን አውጣ ናት። ከዚያ 9ኛ ክፍል ትገባለች፣ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፣ መምህሩ «ተነሽና መልሺ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ ትገባና «ፕረዘንቴሽን አቅርቢ» ትባላለች። ሥራ ፍለጋ ሄዳ ሦስት ሰው ፊት ተቀምጣ ስለ ራሷ ተናገሪ ትባላለች። ያን ሁሉ ዓመት ዝም በይ ስንላት ኖረን በአንድ ጠዋት ተናገሪ። ከየት ታምጣው?

ወንዱ ልጅ ይህን ልምምድ ኳስ ሜዳ ላይ በነጻ ያገኘዋል። ይጮኻል፣ ከዳኛ ጋር ይከራከራል፣ ይስታል፣ ይሳቅበታል፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል። እሷ በዚያ ሰዓት ምጣድ ላይ ናት። የድራማ ክበብ ማለት ለእኔ የሴቶቹ ኳስ ሜዳ ነው፤ ሰው እያየሽ የምትሳሳቺበትና ሳትሞቺ የምትወጪበት ቦታ።

ቁልፍ ጠይቁ፣ ብር አትጠይቁ

ርዕሰ መምህሩ ጋ ስትገቡ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ አንድ የመማሪያ ክፍል እና ቁልፉን። በጀት ከጠየቃችሁ ጉዳዩ ኮሚቴ ውስጥ ይገባል፣ ኮሚቴውም ቢሰጣችሁ በምላሹ አርእስት ይሰጣችኋል። «ለማርች 8 አንድ ነገር አዘጋጁልን፣ ለነጭ ሪባን ቀን፣ ለኤች አይ ቪ ቀን...» ኅዳር ሳያልቅ ክበባችሁ የበዓል ማድመቂያ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዓሉን አልጠላም። ግን የመጀመሪያውን መንፈቅ ምንም መድረክ እንደማትወጡ በግልጽ ተናገሩ። «ገና እየተማርን ነው» በሉ። እውነትም ነው።

የኤሌክትሪክ፣ የማይክ፣ የመጋረጃ ነገር አያስጨንቃችሁ። ሚኒ ሚዲያው ማይክ ካለው ደግሞ አትዋሱ። ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ሰዓቱን ግን አስቡበት፤ ክበብ የሚሞተው በሰዓት ነው። ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ ከሆነ የጠዋቶቹን ሲወጡ፣ የከሰዓቶቹን ከመግባታቸው በፊት ያዙ። ሙሉ ቀን ከሆነ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ 45 ደቂቃ ይበቃል፣ በሳምንት ሁለት ቀን። የገበያ ቀን አይሁን። ቅዳሜ ብዙ ቤት የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው፣ እሱንም ተዉት። ከ11 ሰዓት አታሳልፉ። ሩቅ የምትሄድ ልጅ ካለች ከእሷ ጋር በአንድ መንገድ የምትሄድ ሌላ ልጅ በክበቡ ውስጥ መኖሯን አረጋግጡ፣ ከሌለች ፈልጉላት።

ማንን እንውሰድ

ፈተና አታድርጉ። «ማን ጥሩ ይተውናል?» ብላችሁ ካሰለፋችሁ፣ የሚመጡት ድሮም የሚናገሩት ናቸው፤ የሰልፍ ላይ ግጥም የሚያነቡት፣ ዜና የሚያቀርቡት። እነሱም ይምጡ፣ ግን ግማሹን ቦታ ለኋላ ወንበር ያዙ። እኔ የክፍል ኃላፊዎቹን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ፈተናዋ ጥሩ ሆኖ ድምጿን ሰምታችሁት የማታውቁት ልጅ ማን ናት?» ሁሉም ክፍል ውስጥ ቢያንስ ሁለት አሉ። 12 ልጅ ሲሞላ ዝጉት። 30 ከሆናችሁ ያው ሌላ ክፍል ነው፤ የኋላ ወንበርም ተመልሶ ይመጣል።

ወንዶችስ? በመጀመሪያው መንፈቅ አይግቡ። ወንዶቹን ጠልቼ አይደለም፤ ከገቡ ግን በሁለተኛው ቀን አዘጋጁም፣ ደራሲውም፣ ንጉሡም እነሱ ይሆናሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቡና ያፈላሉ። በድራማው ውስጥ ማለቴ ነው። ከድራማውም ውጭ።

ቤት ለቤት

ይህን ክፍል ዝለሉት ቢባል ደስ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ግን አይዘለልም። የፈቃድ ወረቀት በልጅቷ እጅ መላክ አይሠራም፤ ሂዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። ከወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረት) አባላት አንድ እናት አስከትሉ። ስለ ኪነ ጥበብ አታውሩ። ሦስት ነገር ተናገሩ፦ የት ክፍል እንደምትሆን፣ ከማን ጋር እንደምትሆን፣ በስንት ሰዓት ቤት እንደምትደርስ። ከዚያ ስለ ትምህርቱ። «ጮክ ብላ ታነባለች፣ በቃሏ ትይዛለች፣ ሰው ፊት ቆማ መናገር ትለማመዳለች» በሉ። ይህ ማጋነን አይደለም፤ የአሥራ አምስት ደቂቃ ድራማ ውስጥ ያለች ልጅ አንዱን ጽሑፍ ደጋግማ ደጋግማ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ እንዲህ አንብቢ ብትሏት በሦስተኛው ትሰለቻለች።

ታሪክ የሚወዱ አባት ከገጠሟችሁ ደግሞ የስንዱ ገብሩን ስም አንሱ። ጣሊያንን የተዋጉ፣ አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሴት ናቸው። ከነጻነት በኋላ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆኑ፣ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ተውኔት ራሳቸው ይጽፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ስለዚህ «ይሄ የዛሬ ዘመን ጣጣ ነው» ለሚል ሰው መልሱ አለ፤ ሴት ተማሪና መድረክ እኛም አገር የቆየ ጉዳይ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ በብዙ ቤት ዘፈንና ጭፈራ የለም። እኔ አንድ ዓመት ይህን ረስቼ በጾም መሐል የእስክስታ ልምምድ አስይዤ አምስት ልጅ በአንድ ሳምንት ቀረብኝ። አሁን ጭፈራውን ከጥምቀት በፊት ወይም ከፋሲካ በኋላ አደርገዋለሁ፣ በጾም ግጥም፣ ንባብና ንግግር ብቻ። በረመዳንም ቢሆን ሰዓቱን ቀድሙት፣ ጉሮሮ የሚያደርቅ ነገር አታሠሩ። እንቅስቃሴ ያለበት ቀን ከቀሚስ ሥር ታይት ይልበሱ፤ ይህንንም ለእናቶች አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ግማሹ ሥጋት የሚቀለው እዚህ ላይ ነው። የወር አበባ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ ማንም ሳይጠየቅ የሚወስደው ቦታ ላይ።

ወደ እኚያ እናት በሁለተኛው ዓመት ተመለስኩ። ሰዓቱን ነገርኳቸው፣ ሌላ ብዙ አላወራሁም። «ከ11 ሰዓት ካለፈች አንቺን ነው የምይዘው» አሉኝ። እስካሁን 10፡30 ላይ እንጨርሳለን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ድራማ አትጀምሩ። በአበባየሽ ሆይ ጀምሩ። የማትችለው ልጅ የለችም፤ በእንቁጣጣሽ ደጅ ለደጅ ስትዞር ኖራለች። በሰሜን በኩል ከሆናችሁ የአሸንድዬ፣ የሻደይ፣ የሶለል ዘፈኖች አሉላችሁ፤ ነሐሴ ላይ ከበሮ ይዘው አደባባይ የሚወጡት እነዚሁ «ዓይናፋር» የምንላቸው ልጆች ናቸው። እኔን ያስገረመኝ ይህ ነው። ነሐሴ ላይ ሰፈር ሙሉ ሰው ፊት የጨፈረች ልጅ ጥቅምት ላይ ክፍል ውስጥ ስሟን ስትጠራ አይሰማም። ድምፅ አጥታ አይደለም። ክፍል ውስጥ አልተፈቀደላትም፣ ወይም የተፈቀደላት አይመስላትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በክብ ቁሙ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ «ለምለም» እያሉ ይቀበላሉ። በየአራት ስንኙ አውጪዋ ትቀየራለች፣ ሁሉም ሳይደርሳት አይቆምም። ስንኝ የጠፋባት ከራሷ ትፍጠር፤ ስለ ሒሳብ መምህሩም ይሁን ስለ ሽንት ቤቱ ቁልፍ። የሚስቁት ያኔ ነው፣ ክበቡም የተጀመረው ያኔ ነው። አደራ፣ ተቀባይ ብቻ ሆና የምትቀር ልጅ እንዳትኖር።

ሁለተኛው ልምምድ ሜዳ ላይ ነው። በሁለት መስመር ፊት ለፊት ቁሙ፣ በመሐል አምስት እርምጃ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ ትናንት ራት ያውሩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አሁንም ያውሩ። እንዲህ እያሉ ሃያ እርምጃ እስኪደርሱ። አትጩኹ አትበሏቸው፣ «እንድትሰማሽ አድርጊ» በሏቸው። ልዩነቱን ሰውነታቸው ራሱ ያገኘዋል፦ ቀና ይላሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ቃሉን አይውጡትም። ማይክ አትዋሱ ያልኩት ለዚህ ነው። በማይክ የለመደች ልጅ መብራት ሲጠፋ ድምጿም ይጠፋል፤ ክፍል ውስጥ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ሐኪም ፊት ደግሞ ማይክ የለም።

ለእንግሊዝኛው ደግሞ የገበያ ጨዋታ አለኝ። አንዷ ቲማቲም ሻጭ፣ አንዷ ገዢ፣ ክርክሩ በእንግሊዝኛ። ሰዋስው አይታረምም፤ ዋጋ የቀነሰ ያሸንፋል። ስሟን ለውጣ ነጋዴ ከሆነች በኋላ ስህተቱ የነጋዴዋ ነው፣ የእሷ አይደለም። ይህቺ ትንሽ መጋረጃ ምን ያህል ልጅ እንደምታስናገር ካላያችሁ አታምኑም።

ሁልጊዜ የምታለቅሰው ልጅ

አሁን የሚያናድደኝ ቦታ ደረስኩ። በየትምህርት ቤቱ የሚታየውን የሴት ልጅ ድራማ ታውቁታላችሁ። አባት ሊድራት ነው፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ወይም ሰው ያታልላታል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ አንድ ወንድ መምህር ወይም ፖሊስ ገብቶ ያድናታል፣ ሕጉን ያነባል፣ ጭብጨባ። ጋብቻ ከ18 ዓመት በፊት ወንጀል መሆኑን ተመልካቹ ሁሉ ያውቃል፤ የሚድረውም ያውቃል። የምታለቅሰው ልጅ ግን ከድራማው ምን ተማረች? በደንብ ማልቀስ።

ስለዚህ አርእስት አትስጡ። ጠብ ስጡ። «ሁለት ሰው አንድ ነገር ይፈልጋሉ፣ ነገሩ አንድ ነው» በሉና ተዉአቸው። ከእኔዎቹ አንዱ ቡድን የቦኖ ውኃ ሰልፍ ይዞ መጣ፦ አንዲት ልጅ ፈተና አለባት፣ ጄሪካኗ አሥራ አንደኛ ላይ ነው፣ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ደግሞ ጄሪካናቸውን በመሐል ያስገባሉ። ይኸው ነው። ማን ይናገራቸዋል? እንዴት ይነገራቸዋል? ሳያዋርዱ፣ ሳይዋረዱ? ልጆቹ በዚህች ነገር አንድ ሙሉ ሳምንት ተከራከሩ። ያለ ዕድሜ ጋብቻም፣ የቤት ሥራ ጫናም፣ ለታላቅ መታዘዝም ሳይጠራ እዚያው ውስጥ አለ።

መጀመሪያ በአፍ ይጫወቱት፣ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው እየተለወጠ። ከዚያ ጥሩ የወጣውን አንዷ ደብተር ላይ ትጻፈው። ቀድሞ ተጽፎ የመጣ ቃለ ተውኔት እንደ ታሪክ ትምህርት ይሸመደዳል፤ ከአፋቸው የወጣው ግን የራሳቸው አማርኛ ነው። እናንተ እርሳሳችሁን አስቀምጡ። «እዚህ ጋ መልእክት ብንጨምርስ» የሚል ምኞት ሲመጣባችሁ ዋጥ አድርጉት።

አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለ። «የራስሽን ታሪክ ተጫወቺ» አይባልም፣ በጭራሽ። ሁልጊዜ «አንዲት ልጅ ነበረች» ነው። ተረት ተረት ስንል «የላም በረት» የሚባለው ለእኔ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ነገሩ ከእኛ ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ እንዲቆም ነው። እንዲያም ሆኖ አንዳንዴ አንዲት ልጅ ተጫውታ ስትጨርስ ቁጭ ብላ አትነሳም፣ ወይም ሁሉም ከሄዱ በኋላ በር ላይ ትቆያለች። ያን ቀን ድራማው አበቃ። አዳምጡ፣ አትመርምሩ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አደጋ ላይ ያለች ከሆነ ለብቻችሁ አትሸከሙት፤ የምታምኗት መምህርት፣ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ እንደ ሁኔታው ጤና ጣቢያ ወይም ፖሊስ። እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ክበቡ ሳይጀመር ሄዳችሁ ተዋወቁ።

አባት የምትሆነው ልጅ

ወንዶች ስለሌሉ አባቱን ማን ይጫወተዋል? ሴቶቹ። ድሮ የአገራችን መድረክ ላይ የሴቱን ቦታ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይሸፍኑት ነበር፣ እነ አስናቀች ወርቁ ወጥተው ቦታውን እስኪይዙት ድረስ። ዕዳው ይመለስ ብዬ አይደለም ግን በጣም ይሠራል። አንድ ጋቢና አንድ ዱላ ስጧትና እዩ። አሥራ አራት ዓመት ያየችውን ታወጣዋለች፦ አባቷ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን እንዴት እንደሚጠርጉ፣ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚሰፉ፣ ሰው እስኪያዳምጥ ዝም ብለው እንዴት እንደሚጠብቁ። በተለይ የመጨረሻውን። ልጆቹ ወንበር ላይ ሰፍቶ መቀመጥን፣ ዝም ብሎ አድማጭ መጠበቅን በጋቢ ውስጥ ተለማምደው ጋቢውን ካወለቁ በኋላም ሳይጥሉት ይቀራሉ።

የመድረኩ ቀን

የመጀመሪያው መድረክ የወላጆች ቀን አይሁን፤ ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ጫጫታ ነው። አንድ ክፍል ተማሪና የፈለጉ እናቶች ይበቃሉ። በቀን ብርሃን፣ በመማሪያ ክፍል፣ ዴስኮቹ ወደ ጎን ተገፍተው። ቴክኒኩ አጭር ነው፦ ጀርባ አይሰጥም፣ ሰው ሲስቅ ይጠበቃል፣ ቃል የረሳች የምትላትን ከራሷ ትፈጥራለች እንጂ ይቅርታ አትልም።

ስልክ። ይህን በመግቢያው ላይ በትልቁ ጻፉት። መቅረጽ ክልክል ነው፣ ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው፣ መምህራንንም ይጨምራል። የ20 ሰከንድ ቅንጭብ ከነ አስተያየቱ ሰፈር ከደረሰ ልጅቷን ብቻ ሳይሆን ክበቡንም ይዘጋዋል። እኔ በሩ ላይ ቅርጫት አስቀምጣለሁ። ይናደዳሉ፣ ይናደዱ።

ሲያልቅ ጭብጨባው እንዳበቃ ሰውን አታሰናብቱ። ኦጉስቶ ቦአል የተባለ ብራዚላዊ የቴአትር ሰው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስፋፋው ዘዴ አለ፤ ድራማው ከመነሻው ይደገማል፣ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ያስቆማል፣ ራሱ ገብቶ በተዋናይዋ ቦታ ሌላ መፍትሔ ይሞክራል። የጄሪካኑን ድራማ ስናሳይ አንዲት እናት ተነስተው ገቡ። የልጅቷን ቦታ ያዙና ሴትዮዋን (የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት) «እትዬ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ልጅ ነኝ፤ ዛሬ ፈተና አለብኝ፣ ይመርቁኝና ይልቀቁኝ» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ግን አልሳቁም፣ ይጽፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የጥገና ሥራ ነው። ሽልማትና ውድድር አትቁጠሩ። እኔ አንድ ደብተር አለኝ፤ በየወሩ መምህራኑን «በዚህ ወር እነማን እጅ አወጡ?» ብዬ እጠይቅና ምልክት አደርጋለሁ። አንዳንዷ ስሟ አጠገብ እስከ ሚያዝያ ባዶ ይሆናል። አንዷ ጭራሽ ባዶ ሆኖ ዓመቱ አለቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ክበቡን ማንም ሳይነግራት ቀድማ ከፍታ ክፍሉን ጠርጋ ጠበቀችኝ። ይህ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

8ኛና 12ኛ ክፍሎችን ከሚያዝያ በኋላ ልቀቋቸው፣ ፈተና አለባቸው። ዕቃው አንድ ካርቶን ነው፦ ጋቢ፣ ዱላ፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጄሪካን፣ ከበሮ። ቁልፉን ሰኔ ላይ ለርዕሰ መምህሩ መልሱ፣ መስከረም ላይ ግን ሄዳ የምትጠይቀው ከልጆቹ አንዷ ትሁን።